ልጄ እንጀራ ሲያይ ቋቅ ይለዋል

ደብዳቤው

«ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንድ ልጄ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። አቡሽ ልበለው። አቡሽ የሚበላው ክራከር፣ የድንች ጥብስ፣ ሙዝና አንድ ዓይነት እርጎ ብቻ ነው። እርጎውም ዕቃው ከተቀየረበት አይነካውም። ሆዱን የሚሞላው በወተት ነው፤ በቀን አምስት ትልልቅ ጡጦ ይጠጣል። እንጀራ በወጥ ገና ሲያይ ቋቅ ይለዋል። አንዳንዴ ያስመልሰዋል። እኔ ዩቲዩብ እከፍትለትና ዓይኑ እዚያ ሲተከል በማንኪያ ሹልክ አድርጌ አጎርሰዋለሁ። ባለቤቴ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። ‹አሞላቀሽው፤ ቢርበው ይበላ ነበር› ይለኛል። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ናቸው። እሳቸው ጭናቸው ላይ አስተኝተው አጥሚት ይግቱታል። ‹እንጥሉ ወርዶ ነው፤ አገር ቤት ቢሆን ይቆረጥለት ነበር› ይላሉ። ሐኪሙ ፊዲንግ ቴራፒ፣ ማለትም ልጅን መብላት የሚያለማምድ ሕክምና፣ ላከን። ሦስት ጊዜ ሄድን። በየቀጠሮው 40 ዶላር ከኪሴ እከፍላለሁ። ቴራፒስቷ ግን አንድ ጉርሻ እንኳን አላበላችውም። ሙዝ ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለች ትጫወታለች። ለጨዋታ ነው እንዴ ከሥራ የምቀረው? ልተወው? ልጄስ ምን ሆኖ ነው? የሀበሻ ልጅ ሆኖ እንጀራ አለመብላቱ ሰው ፊት ያሸማቅቀኛል። የፊታችን ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ልደት ነው። ሁሉም ሊያጎርሰው ይመጣል። ከአሁኑ ጨንቆኛል።»

መልሱ

አትተዪው እህቴ። ሦስት ቀጠሮ ገና ትውውቅ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ የራሴ ልጅ ፊቴ ድቅን አለች። የተወለደችው በ30 ሳምንቷ ነው። ብዙ ሳምንት በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ወተት ስትወስድ ቆየች። ቤት ስትገባ ጡጦውን እንደምንም ለመደች። ማንኪያ ሲመጣ ግን አፏን ገጠመች። እኔም ሲደረግ ያየሁትን አደረግሁ። ጭኔ ላይ አስተኛኋት፣ እጇን ያዝኩ፣ ጋትኳት። ዋጠች። ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ቢቧን ከመሳቢያ ሳወጣ ስታየኝ ማልቀስ ጀመረች። ምግቡ ገና ምድጃ ላይ ነበር። ያስለቀሳት የኔ መምጣት ነው። ያ ቀን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ስለዚህ አንቺንም ሆነ አማትሽን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ልጅ አልበላም ሲል እናት ምን ያህል እንደምትጨነቅ አውቃለሁ። ሌሊት ተነስቶ ደረቱ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ማየት፣ ጎኑን መዳሰስ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ትንፋሽ መያዝ። አልፌበታለሁ።

«ልጄ ምን ሆኖ ነው» ላልሽው፣ በደብዳቤ ልመረምረው አልችልም። ግን የጻፍሽው ዝርዝር ራሱ ብዙ ይናገራል። እስቲ እንደገና እይው። ክራከር አፍ ውስጥ ይሟሟል። ሙዝ በምላስና በላንቃ መካከል ይላሽቃል። እርጎ ማኘክ አይፈልግም። የድንች ጥብሱም ውስጡ ልል ነው። ሁሉም ዛሬም ነገም ያው ናቸው፤ ድንገት ሌላ ነገር አይገጥመውም። አሁን እንጀራ በምስር ወጥ አስቢ። ርጥብ ነው፣ ይለጠፋል፣ ላንቃ ላይ ይቀራል። ውስጡ ፈሳሽ አለ፣ ፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ድፍን ምስር አለ። ማኘክ በደንብ ላልለመደ አፍ ከዚህ የሚከብድ ምግብ ብዙ የለም። እኛ ከጥርሳችን ጋር ስላደግንበት ለስላሳ ይመስለናል።

ማኘክ ይለመዳል እንጂ አብሮ አይወለድም። ምላስ ምግቡን ወደ ጎን ወደ መንጋጋ መግፋት አለባት። መንጋጋ ያደቃል። ከዚያ ምላስ ሰብስባ ወደ ኋላ ትልካለች፤ በዚያች ቅጽበት ትንፋሽ ይቆማል። ከዚህ አንዱ ሲጎድል ቁራሹ ሳይደቅ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ልጁም ቋቅ ይለዋል። ቋቅ ማለቱ ሰውነቱ ራሱን ሲከላከል ነው። ድምፅ አለው፣ ያስላል፣ ዓይኑ ያነባል። ያን ጊዜ አትጩሂ፣ ጣትሽንም አትክተቺ። የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ልጅ በእውነት ሲታነቅ ድምፅ አይወጣውም፣ ማልቀስም አይችልም፤ ከንፈሩና ድዱ ይጠቁራል ወይም ሰማያዊ ይሆናል። የሕጻናት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ብትወስጂ፣ ባለቤትሽንም ይዘሽ ብትሄጂ ማዕድ ላይ ያለሽ ፍርሃት በግማሽ ይቀላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስከ ስንት ወሩ ነው ምግቡን በብሌንደር ስትፈጪለት የነበረው? እኛ ዘንድ ትን እንዳይለው እያልን እስከ ሁለት ዓመት ድረስ የምንፈጭ ብዙ ነን። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሺህ ልጆችን ከልደት ጀምሮ በተከታተለ ጥናት፣ እስከ 9 እና 10 ወራቸው ጓል ያለው ምግብ ያልቀመሱት በኋላ አመጋገባቸው ይበልጥ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን የምነግርሽ ላለፈው እንድትጸጸቺ አይደለም። ለቴራፒስቷ ንገሪያት፤ ይጠቅማታል። ሲወለድ ጀምሮ ያለውንም ንገሪያት፦ ቱቦ ነበረው ወይ፣ ብዙ ያስመልስ ነበር ወይ፣ ሆድ ድርቀት አለው ወይ። ሆዱ የደረቀ ልጅ ምግብ አይፈልግም፤ ብዙ ሰው ይህን ከምግብ እምቢታ ጋር አያያይዘውም።

በዚህ ዕድሜ መምረጥ ያለ ነገር ነው። ልጅ በመጀመሪያ ዓመቱ የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ ፍላጎቱ ይቀንሳል። እኛ ግን እንደ ድሮው እንዲበላ እንጠብቃለን። የአቡሽ ከዚህ ያለፈ ይመስለኛል። አራት ምግብ ብቻ መሆኑ፣ ሲያይ ቋቅ ማለቱ፣ ማስመለሱ፣ ዕቃው ሲቀየር አለመንካቱ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ይህን ፔዲያትሪክ ፊዲንግ ዲስኦርደር (የሕጻናት የአመጋገብ ችግር) ብለው ይጠሩታል። ከጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ የምርመራ ኮድ አለው። ለኢንሹራንስሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክሊኒኩ የክፍያ ጥያቄውን በየትኛው ኮድ እንደላከ ጠይቂ። ስሙን ስትሰሚ አትደንግጪ። ባለሙያዎቹ የሚያዩት አራት ነገር ነው፦ ሕመም አለ ወይ፣ የጎደለ ንጥረ ነገር አለ ወይ፣ የማኘክና የመዋጥ ችሎታው የት ደረሰ፣ ማዕዱ ዙሪያ ያለው ስሜትስ ምን ይመስላል። «አሞላቀሽው» የሚለው ቃል ከአራቱ አንዱም ውስጥ የለም። ለባለቤትሽ በፍቅር አንብቢለት።

«ቢርበው ይበላ ነበር» የሚለው ደግሞ ለብዙ ልጅ ይሠራል። ማኘክ ለማይችል ወይም ምግብ ለሚፈራ ልጅ ግን አይሠራም። እንዲህ ያለው ልጅ ተርቦም አይነካም። በረሃብ ልፈትነው ብለሽ እንዳትሞክሪ።

ወተቱን እናንሳ። አምስት ጡጦ ባለ 8 አውንስ ከሆነ 40 አውንስ ነው። ከአንድ ሊትር በላይ! በዚህ ዕድሜ ሐኪሞች የላም ወተት በቀን ከ24 አውንስ፣ ማለትም ከሦስት ጡጦ እንዳያልፍ ይመክራሉ። ወተት ሆድ ይሞላል፣ ብረት ግን የለውም ማለት ይቻላል። ብረት ሲያንስ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። አልበላም ብሎ ወተት ይጠጣል፣ ወተት ጠጥቶ አይበላም። ሐኪሙን የደም ማነስና የብረት ምርመራ እንዲያዝለት ጠይቂው። አሁን ብዙው ጉልበቱ ከወተት ስለሚመጣ በአንድ ቀን አትቁረጪበት። ከሐኪሙና ከቴራፒስቷ ጋር ተነጋግራችሁ ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ መጀመሪያ ምግብ ሰዓት አጠገብ ያለውን ጡጦ።

እነዚህን ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ለሐኪሙ ወዲያው ደውይ። ሲጠጣ ማሳል ወይም ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ውኃ እንዳለበት ሰው መሆን፣ ተደጋጋሚ የሳንባ ምች፣ ክብደት መቀነስ፣ ሲውጥ ማመም፣ ከአራቱ ምግብ አንዱን መተው። ቨርጂንያ የምትኖር አንዲት እናት ልጇ ውኃ ሲጠጣ ሁልጊዜ ያስል ነበር። «ተስገብግቦ ነው» ትል ነበር። ሲዋጥ በሚያሳይ የራጅ ምርመራ ሲታይ ፈሳሹ ወደ መተንፈሻው ይገባ ነበር። የመጠጫ ዕቃውና የፈሳሹ ውፍረት ተቀየረለት፤ ይመላለስበት የነበረው የሳንባ ምችም ቆመ። ቴራፒ ማለት አንዳንዴ ይህም ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው ልምጣ። አንቺን ያናደደሽ ይህ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

አዋቂ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ምግብ ሲያይ አፉ ነው የሚያስበው። ለአቡሽ እዚያ ያለው ማስፈራሪያ ነው። ከሚሠራባቸው የቴራፒ መንገዶች አንዱ፣ ምግብን ከማየት እስከ መዋጥ ያለውን 32 ደረጃ አድርጎ ይከፍለዋል። መዋጥ መጨረሻው ነው። የመጀመሪያው ከምግቡ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነው። ከዚያ በማንኪያ መንካት፣ በጣት መንካት፣ ማሽተት፣ ጉንጭ ላይ ማድረግ፣ ከንፈር ማስነካት፣ መላስ፣ ነክሶ መትፋት። አዎ፣ መትፋትም ይፈቀዳል። መትፋት እንደሚችል ያወቀ ልጅ ለመንከስ ይደፍራል። ቴራፒስቷ የሚበላውን ሙዝ ያንከባለለችው በከንቱ አይመስለኝም። ከሚያምነው ነገር ጀምራ ወደማያምነው ልትወስደው ነው። ቀጥሎ ሙዙን ቆርጣ፣ ከዚያ አድቅቃ፣ ከዚያ ሌላ ነገር አጠገቡ ታስቀምጥ ይሆናል። ጠይቂያት። «ዛሬ የሠራሽው ለምንድን ነው? ቤት ምን ልድገም?» በያት። ጥሩ ቴራፒስት ጥያቄ ደስ ይላታል። ፊዲንግ ቴራፒ የሚሰጡት የንግግር ቴራፒስቶች ወይም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች (የዕለት ተዕለት ክንውን የሚያለማምዱ ባለሙያዎች) ናቸው። የንግግር ባለሙያ ለምግብ ስትመጣ ግር ብሎሽ ከሆነ፣ ምላስና ከንፈር ለሁለቱም ያው ናቸው።

አንድ አዲስ ምግብ እስኪወደድ ድረስ 10 ወይም 15 ጊዜ መቅረብ ሊፈልግ ይችላል፤ ለአቡሽ ዓይነቱ ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ። የኔዋ ልጅ ከሰባት ወር ቴራፒ በኋላ ነው ሽሮ የነካ ጣቴን ስባ የላሰችው። ማንም አልጠየቃትም። እኔም ዝም አልኩ፣ ወደ ሌላ አየሁ። ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዛሬ ጥሬ ቲማቲም አትነካም፤ ሌላውን ትበላለች።

ሁሉም ቴራፒ ጥሩ ነው ግን አልልሽም። ልጁ ተይዞ፣ እያለቀሰ፣ ማንኪያ በግድ ከገባበት ያ መጋት ነው፤ ቦታው ክሊኒክ ስለሆነ ስሙ አይቀየርም። አንድ አባት ልጁ በየቀጠሮው እየጮኸ ሲወጣ «ባለሙያ ያውቃል» ብሎ አራት ወር ታገሠ። ልጁ ከዚያ በኋላ ክራከሩንም ተወ። ሌላ ቴራፒስት ጋ ሄደው ከዜሮ ጀመሩ። ልጅሽ ወደ ክፍሉ ሲገባ እየሳቀ ከሆነ ቦታው ትክክል ነው።

እቤት የምትሠሪው ትልቁ ሥራ መጋቱን ማቆም ነው። ስልኩንም። ዩቲዩብ እያየ የዋጠው ምግብ ሆዱ ይገባል፣ ግን ምንም አያስተምረውም፤ ምን እንደበላ አያውቅም። ስልኩን በአንድ ቀን አትንጠቂው፤ መጀመሪያ ከመክሰስ ሰዓት ላይ አንሺ። ኤለን ሳተር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ የሥራ ክፍፍል አስቀምጣለች። ምን ይቀርባል፣ መቼ፣ የት የሚለው የወላጅ ነው። ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ የሚለው የልጁ ነው። ለእኛ የሚከብደን ሁለተኛው ነው። ሞክሪው። በሦስት ሰዓት ልዩነት ቁጭ በሉ፤ ሁልጊዜ ከሚበላው አንዱ ሰሃኑ ላይ ይኑር። ከናንተ ምግብ አንድ የሻይ ማንኪያ የምታክል አጠገቡ አድርጊ፤ ካስፈራው በሌላ ሰሃን። «ብላ» አትበዪው። «ጎበዝ»ም አትበዪው። ስለ ቀኑ አውሪ። ከ20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ ማዕዱ ይነሳ።

የአማትሽን ነገር በጥንቃቄ ያዥው፤ ልጅሽን የሚወዱ ሴት ናቸው። እንጥሉን በተመለከተ ግን በራችሁን ዝጉ። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ለምግብ እምቢታ መድኃኒት አይደሉም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣሉ፣ ሕጻናት ሞተውበታል። የ1996 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በስም ጠርቶ ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ይቆጥራቸዋል። ባለቤትሽ ይንገራቸው፤ ከልጃቸው አፍ ሲሆን ይቀላል። ከዚያ ሥራ ስጧቸው። አቡሽ ፊት ቁጭ ብለው እንጀራቸውን በደስታ ይብሉ። አንቺን ያጉርሱሽ፣ ባለቤትሽን ያጉርሱት። አቡሽ ይይ። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ግን ሰው ራሱ አፉን ሲከፍት ነው የሚያምረው። አንድ ቀን ራሱ አፉን ከፍቶ ይጠጋቸዋል። ቀጠሮም ይሂዱ። አስተርጓሚ ጠይቂ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ በነፃ ማቅረብ አለበት። ከምራት አፍ የማይሰሙትን ከባለሙያ ይሰማሉ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ከቤትሽ ምግብ ይዘሽ ሂጂ። ቴራፒስቷ እንጀራ ላታውቅ ትችላለች፤ አሳዪያት፣ ትቅመሰው። እኔ ጋ የተጀመረው ከደረቅ ነገር ነው። ድርቆሽ ከክራከር ብዙ አይርቅም፣ ይሰበራል፣ ድምፅ አለው። ከዚያ ደረቁን የእንጀራ ጠርዝ፣ ከዚያ ጥቅልሉን ያለ ወጥ፣ ከዚያ ሽሮ በጠብታ ዳር ላይ። ጓል የሌለው ሽሮ ከምስር ይቀድማል። ፍትፍት የመጨረሻው ነው። እሷ በአቡሽ አፍ ልክ ቅደም ተከተሉን ታስተካክለው።

ስለ 40 ዶላሩ፦ አሜሪካ ውስጥ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች በፌዴራል ሕግ የቆመ የቅድሚያ ድጋፍ አገልግሎት አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ፕሮግራም ይባላል። የሐኪም ወረቀት ሳትጠብቂ ራስሽ መደወል ትችያለሽ። ምዘናው በነፃ ነው። ከደወልሽበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ መዝነው፣ ብቁ ከሆነ ዕቅዱን አብረው ሊያወጡ ይገባል። ባለሙያዋ ቤት ድረስ ትመጣለች፤ የራሳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ አማትሽ ባሉበት። አቡሽ ሦስት ዓመት ሊሞላው አሥር ወር ቀርቶታል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ደውይ። የክሊኒኩንም አታቋርጪ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ እናቶች ቴራፒስቱን ቅርብ ላታገኙት ትችላላችሁ። በሕጻናት ሐኪም ጀምሩ፤ ወተቱን መመጠን፣ መጋቱን ማቆምና አብሮ ቁጭ ብሎ መብላት ክሊኒክ አይፈልጉም።

ቅዳሜ እንግዲህ። ከቤት ስትወጡ የሚበላውን አብይው፤ ሙዝና ክራከር በቦርሳሽ ያዥ። እዚያ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ቁጭ ይበልና የራሱን ይብላ፤ የልደት ኬክ በጣቱ ቢነካ በቂ ነው። ቡና ሲፈላ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፋንዲሻ ይቀርባል። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁሉም የመታነቅ አደጋ ናቸው፤ ለአቡሽ ይልቁንም። እህትሽን ቀድመሽ ደውይላትና ረከቦቱ አጠገብ ዝቅ ያለው ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጠው ንገሪያት። የሚያጎርስ ሰው ሲመጣ አቡሽን ታቀፊውና «ሐኪሙ በገዛ እጁ ይልመድ ብሎናል፤ ለኔ አጉርሱኝ» በይ። አፍሽንም ክፈቺ። ልጁ ትከሻሽ ላይ ሆኖ ያያል።